ብቻዬን አንድ ዙር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ልብስ አጥቤ ሳልጨርስ እማዬ ላከችኝ። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አክስቴ ተናኘ ጋ። እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ባሏ ጋሽ ፈቀደ የማታ ፈረቃ ስለሆኑ ብቻዋን ነው የምታድረው። ምስር ወጥና ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። እግሯ አብጧል። ቤቱን ጠራረግኩ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ወጣሁ።

ስመለስ ታክሲው ፌርማታዬን አለፈ። ሲያልፍ እያየሁት። "ወራጅ አለ" ማለት ብቻ ነበር... ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፣ እዚያው ቆመ። ሌላ ሰው ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልወረደም። ቀጥሎ ያለው ጋ አንዲት ሴትዮ ወራጅ ስትል ተከትያት ወረድኩ። በእግሬ ተመለስኩ፣ አቧራ በአቧራ ሆኜ።

"የት ቀረሽ?" አለች እማዬ።

"ታክሲ ጠፋ።"

ውሸት። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። እህቴ ሔለን እንኳ ወራጅ ትላለች፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። እኔን ምን ነካኝ?

ደክሞኛል። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሜዳ ዋልኩ፣ ከቦንቱ ጋር። የበረራ ክበባችን ሰርቪስ ከአስኮ ነው የሚወስደን።

ቦንቱ ባትኖር እዚያ ምን አደርግ ነበር? አንድ ግቢ ነው ያደግነው። የበረራ ክበቡ ለሰፈራችን ሴት ልጆች ቦታ ሰጥቷል የሚለውን ወሬ የሰማችውም፣ ሁለታችንን ያስመዘገበችውም እሷ ናት። "ማንበብ ትችያለሽ፣ እጅና እግር አለሽ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?" አለችኝ ያኔ። እኔ እኮ ትምህርት ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት። አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። እማዬ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያዝኩ።

በረራውን እማዬ "ኮርስ" ትለዋለች። ኮርሷ ሄደች፣ ከኮርሷ መጣች... እንደ ልብስ ስፌት።

ትንሿ አውሮፕላን ሁለት ሰው ብቻ ናት የምትይዘው። በሯ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ ሳጥን ይጮሃል። ግን እወዳታለሁ። መሪውን ቀስ አድርጌ ስስብና መሬቱ ሲለቀን ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ይወርዳል። እዚያ ላይ "ራዕይ! ነይ እስኪ!" የሚለኝ የለም። ለዚህ ይሆን?

ዛሬ ግን ካፒቴን በዛብህ ተቆጡ። አስተማሪያችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ። ሲቆጡ አይጮሁም፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

በሬዲዮ የት እንዳለሁ መናገር ነበረብኝ። አጭር እንግሊዝኛ ነው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ተናገርኩ መሰለኝ። ለካ የሰማኝ የለም። ቦንቱ በሌላኛዋ አውሮፕላን ከረዳት አስተማሪው ጋር ከኋላችን ነበረች። የት እንዳለን ስላላወቁ ወደ እኛ ዞሩ። ካፒቴን መሪውን ተቀብለውኝ ራሳቸው ተናገሩ።

ወረድን። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እጅሽ ጥሩ ነው። ከሁሉም ይሻላል። አፍሽ ግን የለም።"

ዝም አልኩ።

"ሰማይ ላይ ሌላ ሰው አለ፣ ልጄ። የት እንዳለሽ ካልነገርሽው በምን ያውቃል? በጸሎት?"

ዝም።

"ይሄው! አሁንም!"

ድምፄን በሬዲዮ በደንብ እስኪሰሙ ብቻዬን አያስወጡኝም። እውነታቸውን ነው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ውሃ መጣ። ስቀዳ ዋልኩ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ከበረራ ትምህርት ስንመለስ ቦንቱ ገና ታክሲው ሳይነሳ ለወያላው፣

"ይቺ ልጅ ዛሬ ወራጅ ልትል ነው። እንዳትረብሻት" አለችው።

"ምን ችግር አለ፣ ትበል እንጂ!"

"ዝም በል አልኩህ እኮ! ስታያት ታፍራለች።"

"እሺ፣ አላያትም" ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቦንቱን ልገላት ፈለግኩ። መንገዱን ማየት አቃተኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣

"ወራጅ አለ!"

ጮህኩ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ለካ ፌርማታችን ገና ነው፣ ድልድይ ላይ ነን።

"ልጄ፣ እዚህ ምን አለሽ?" አሉ አንድ እናት።

ወያላው በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለ። "ቤትሽ ከድልድዩ ሥር ነው አይደል? ግቢ፣ ግቢ፣ እቃሽን ላቀብልሽ።"

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ወረድን፣ ምን እናድርግ? አፍሬ መቀመጥም አልቻልኩም። ቦንቱ የድልድዩን ብረት ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ግን ቆመ አይደል?" አለችኝ። "ያን የሚያህል መኪና፣ አንቺ አልሽውና ቆመ።"

ወደ ቤት ስንሄድ ብቻዬን ትንሽ ሳቅኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቦንቱ ብቻዋን በረረች!

ካፒቴን ከጎኗ ወረዱ፣ በሩን ዘጉላት፣ ሄደች። አጥሩ ጋ ቆሜ አያት ነበር። አንድ ዙር ዞራ ስታርፍ ክበቡ በሙሉ ሮጠ። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በሮ የወረደ ሰው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበታል። በጥቅምት ብርድ! ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ "ያ ዋቃዮ! ገደላችሁኝ! ድጋሚ ድፉብኝ!" ትላለች። እብድ።

ቀናሁ? ትንሽ። ከዚያ ፎጣ ያዝኩላት።

እኔም ዛሬ በሬዲዮ ተሰማሁ። የሜዳው መቆጣጠሪያ ግንብ ላይ ያለው ሰውዬ መለሰልኝ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን መለሰልኝ። ካፒቴን "ትንሽ ጨምሯል" አሉ። እንዲህ ከቀጠልኩ ጥቅምት 29 የእኔ ተራ ነው።

ለእማዬ ልነግራት ነበር። ከሥራ ደክማ መጣች፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ አልኩ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

አክስቴ ተናኘ ወለደች። ወንድ።

እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን... ሳትዘጋው ደግሞ፣ "አይዞሽ፣ ራዕይ ትመጣለች። ሁለት ወር አብራሽ ትሆናለች።"

ድንች እየላጥኩ ነበር።

ማንም አልጠየቀኝም። እንደዚያ ልጽፍ ነበር። ግን እውነቱን ልጻፍ... እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። እንደመጠበቅ አለች። "ቅዳሜስ?" ማለት ያኔ ነበር። እኔ ድንቼን ላጥኩ። ዝም ስል እሺ ያልኩ መሰላት። ሌላ ምን ሊመስላት ይችላል?

እኛ ቤት አራስ ሲኖር ትምህርት ቤት የማትሄደዋ ልጅ ናት የምትላከው። አምና ለአጎቴ ሚስት ሄጄያለሁ። ያኔ የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም።

ጥቅምት 21፣ አርብ

አክስቴ ቤት ነኝ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃው እላይ አይወጣም፣ በጀሪካን ከታች ነው። ጠዋት ገንፎ አገነፋለሁ፣ ከዚያ የሕፃን ጨርቅ፣ ከዚያ እንግዳ፣ ከዚያ የእንግዳ ዕቃ፣ ከዚያ እንደገና ጨርቅ።

ልጁ ገና ስም የለውም፣ ማሙሽ እንለዋለን። ሲያዛጋ ሽማግሌ ይመስላል።

ጎረቤቷ ገብታ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት። አክስቴ ጴንጤ ናት፣ እኛም ነን። ወደ እኔ አየች፣ ወደ ሴትዮዋ አየች፣ ቀስ ብላ "አሜን" አለች። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ሁለታችንም ሳቅን። "ምን ልበላት? አጥሚት ይዛልኝ መጥታ!" አለች። ስትስቅ ስፌቷ አመማት፣ አለቀሰች። አክስቴን እወዳታለሁ። ይሄ ነው ችግሩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ጠዋት በረንዳ ላይ ጨርቅ ሳሰጣ ምንም ነፋስ አልነበረም። ጨርቁ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ለመብረር ጥሩ ቀን ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ቦንቱ መጣች፣ ብርቱካን ይዛ። አራቱን ፎቅ በሩጫ ወጥታ እያለከለከች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ጀሪካኔን ይዤ አጠገቧ።

"ካፒቴን ጠየቁሽ። አራስ ልትጠይቅ ሄደች አልኳቸው።"

"እሺ?"

"ሁለት ወር ሙሉ ነው የምትጠይቀው ወይ አሉኝ።"

የጀሪካኑን ክዳን አጠበቅኩ።

"ስሚ፣ ተራ የምትጠብቅ ልጅ አለች። ቅዳሜ ካልመጣሽ ቦታሽን ለእሷ ይሰጡታል። እሳቸውም ደስ አላላቸውም። አውሮፕላኑ ሁለት፣ ልጁ ብዙ፣ ምን ያድርጉ?"

"እማዬ..."

"እናትሽ ከልክላሻለች?"

"አይ።"

"ነግረሻታል?"

ጀሪካኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

"እኔ ልንገራት?"

"አይ!"

ደረጃው አስተጋባ። ከታች ያለ ሰው ቀና ብሎ አየን። ቦንቱ እጇን አጨበጨበች።

"ይቺን 'አይ' ለእኔ ብቻ ነው የምታወጫት? ለእናትሽም በያት እንጂ!"

ስትሄድ አቀፈችኝ። ጀሪካኑን አስይዤ ላስወጣት ፈልጌ ነበር፣ ያንን እንኳን አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

እማዬ ከቸርች የጸሎት ቡድኗ ጋር መጣች። አክስቴንና ማሙሽን ከበው ጸለዩ፣ ሁሉም በአንዴ፣ ጮክ ብለው። ግድግዳው ይነዝራል። ማሙሽ ተኛ! እንዴት እንደተኛ አላውቅም።

ቀስ በቀስ ዝም አሉና የእማዬ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ጌታ ሆይ፣ ይቺን ዝምተኛ ልጄን ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ። ሂጂ ስትባል የምትሄደውን... አንድ ቀን እምቢ ብላኝ የማታውቀውን..."

"አሜን! አሜን!" አሉ ሁሉም። አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እኔም አሜን አልኩ። ከአፌ ወጣ። በራሴ ላይ ነው አሜን ያልኩት።

ሲሸኙ እማዬን ደረጃው ድረስ ተከተልኳት። "እማ" አልኳት። "ወዬ የኔ ልጅ" ብላ ዞረች። ፊቷ በጸሎቱ በርቷል፣ ደስ ብሏታል። "ደህና ዋይ" አልኳት።

አክስቴ ከሰዓት ደግሞ ስታጠባ፣ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ።

እንዴት ነው የሚባለው?

ጥቅምት 28፣ አርብ

ለአክስቴ ነገርኳት።

ማሙሽን እያጠብነው ነበር። እኔ ጭንቅላቱን ይዣለሁ፣ እሷ ውሃ ታፈሳለች። ድምፄ መጀመሪያ ለራሴ ያህል ብቻ ወጣ።

"ምን አልሽ?"

"ነገ ጠዋት ሜዳ እሄዳለሁ። ብቻዬን የምበርበት ቀን ነው።"

ልሂድ ወይ ለማለት ነበር የተዘጋጀሁት። እሄዳለሁ የሚለው ከየት መጣ?

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። "ብቻሽን? ያለ ሰው?"

"አዎ።"

"ብትወድቂስ?"

"ተምሬያለሁ፣ አክስቴ።"

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ካልሄድኩ ቦታዬን ይወስዱታል። ጋሽ ፈቀደ ጠዋት ከሥራ ይመጣሉ፣ ብቻሽን አትሆኚም። ከሰዓት እመለሳለሁ።"

ብዙ ተናገርኩ። ለእኔ ብዙ ነው። አክስቴ ዝም አለች። ውሃውን በእጇ አማሰለችው። "ፎጣውን አቀብይኝ፣ ቀዘቀዘ" ብቻ አለች።

እሺ ነው? እምቢ ነው? እስኪመሽ ፊቷን ሳይ ዋልኩ። ምንም አልገባኝም። ዝም የሚል ሰው እንዲህ ነው ለካ የሚያስጨንቀው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ጠዋት ጨርቁን ሁሉ አጥቤ፣ ገንፎውን ሸፍኜ ወጣሁ። አክስቴ ነቅታ ነበር። አላስቆመችኝም።

ካፒቴን ሲያዩኝ "አራሷ ደህና ናት?" ብቻ አሉኝ። ተሳፈርን። የት እንዳለሁ በሬዲዮ ተናገርኩ፣ ዞርን፣ አረፍን። እንደገና ተነሳን። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያያሉ፣ ታክሲ የተሳፈሩ ይመስል።

ከዚያ አንዱ ዙር ላይ ተሳሳትኩ። ለማረፍ ስጠጋ ከፍታዬ በዝቶ ነበር። ማኮብኮቢያው ከሥሬ እየሸሸ ነው። ካፒቴንን አየሁ። አያዩኝም። እንዳዩት ግን አውቃለሁ፤ ያን ያህል ዓመት በርረው እንዴት አያዩም? እንዲናገሩ ጠበቅኩ። መሪውን እንዲቀበሉኝ ጠበቅኩ። አልተቀበሉኝም።

ቁልፉን ተጫንኩ።

"ጎ አራውንድ" አልኩ። አላርፍም፣ እንደገና እዞራለሁ ማለት ነው። ጋዝ ሰጠሁ። አፍንጫዋ ቀና አለ። የግንቡ ሰውዬ ወዲያው መለሰልኝ።

ካፒቴን ከላይ ከሆንን በኋላ ነው የጠየቁኝ።

"ለምን?"

"ከፍ ብዬ ነበር።"

"እኔን አትጠይቂም ነበር?"

"ጊዜ አልነበረም።"

ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

አረፍን። ሞተሩ ሳይጠፋ በሩን ከፈቱ። "አንድ ዙር። ተመለሺና ሻይ እንጠጣለን።" ወረዱ። ቀበቶውን ባዶ ወንበሩ ላይ አሰሩት፣ በሩን ገፉት።

ባዶ ወንበር። አንድ ሰው ሲጎድል ቀለል ትላለች፣ ቶሎ ተነሳች። ፈራሁ። ከዚያ ሥራ በዛብኝና መፍራቱን ረሳሁት። በግራ በኩል ገፈርሳ ውሃው አብለጨለጨ። ወጨጫ ተራራ ላይ ትንሽ ደመና። ራቅ ብሎ የእኛ ሰፈር ቆርቆሮ በቆርቆሮ። እዚያ ውስጥ ስንት ልብስ አጥቤያለሁ... "ዳውንዊንድ" አልኩ በሬዲዮ፣ ከሜዳው ጎን ነኝ ማለት ነው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ተሰማ። ደስታ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። ዝም ያለ ነገር ነበር። ሳርፍ ነጠረችብኝ፣ ከዚያ ቆመች።

ውሃውን የደፋችው ቦንቱ ናት። በረዶ! የት እንዳቀዘቀዘችው እንጃ።

ፀጉሬ ሳይደርቅ አክስቴ ቤት ገባሁ። እማዬ ማሙሽን ይዛ ቆማለች።

"ፀጉርሽ ምን ሆነ?"

"ስወርድ ውሃ ደፉብኝ።"

"ከየት ስትወርጂ?"

"ከሰማይ። ብቻዬን በረርኩ፣ እማ።"

አክስቴ አልጋዋ ላይ ሆና ብርድ ልብሱን ስባ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ፈቀደ ወደ በረንዳው ወጡ።

"አራስ ጥለሽ?" አለች እማዬ። "ብትሞቺስ? ማንን አስፈቅደሽ?"

"ማንንም። ረቡዕና ቅዳሜ ትምህርት አለኝ። በሌላው ቀን እዚህም ቤትም እሠራለሁ። በሁለቱ ቀን ግን አልችልም።"

"አልችልም?"

"አልችልም።"

አልጮህኩም። መጮህ አላስፈለገውም፣ ክፍሉ ትንሽ ነው። እማዬ ማሙሽን አስያዘችኝ፣ ሻርፗን አነሳች፣ ወጣች። የደረጃው ኮቴዋ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አሁን ማታ ማታ ቤት ነኝ። እማዬ አታናግረኝም። በሔለን በኩል ነው።

"ሔለን፣ ለእህትሽ ሽንኩርት አልቋል በያት።"

አጠገቧ ቆሜያለሁ እኮ።

"ሽንኩርት አልቋል ተብለሻል" ትላለች ሔለን፣ እንደ ዜና አንባቢ። በጣም ወዳዋለች ሥራውን።

ሜዳ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ማታውን ልብስ ተኮስኩ። ቅዳሜ እኔ በሌለሁበት አክስቴ ቤት የምትውለው እማዬ ናት፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥብ ከርማ። ዛሬ ወገቧን ይዛ ስትነሳ አየኋት። ከእኔ የወረደው እሷ ላይ ወጣ። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ ምን ይደረጋል? ቅዳሜ ከሜዳ በቀጥታ እዚያ ሄጄ እተካታለሁ።

ደክሞኛል። በፊትም ይደክመኝ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ስልክ ተደወለ። የአጎቴ ሚስት ናት፣ ቤት ልትቀይር ነው። እማዬ ሊጥ እያቦካች ስለነበር ሔለን ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችላት።

"ቅዳሜ ራዕይን ትልኪልኛለሽ አይደል? እቃ የሚያነሳልኝ የለም።"

"እሺ፣ ት..." አለች እማዬ። ቆመች።

ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቴን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ቆየች። ሔለን ስልኩን ይዛ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች።

"ራሷን ጠይቂያት" አለች እማዬ። "ይሄውልሽ፣ እዚህ አለች።"

ስልኩን ተቀበልኩ።

"ቅዳሜ አልችልም። እሁድ ከቸርች በኋላ መጥቼ እስኪመሽ እሠራለሁ።"

"ማን ልበል?"

"ራዕይ ነኝ።"

"ራዕይ? የቷ ራዕይ?"

"የብርቱካን ልጅ። አምና ሁለት ወር እናንተ ጋ የነበርኩት።"

"ውይ፣ ድምፅሽን አላወቅኩትም እኮ" አለች። ሁለት ወር ቤቷ ኖሬ። እሁድ ይሁን ተባባልን፣ ዘጋሁ።

እማዬ ሊጧን ማቡካት ቀጥላለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ወጥቼ ልሄድ ስል፣

"እዚያ ላይ ይበርዳል?" አለች።

ሔለንን ነው ብዬ ሔለንን አየኋት። ሔለንም እኔን አየችኝ።

"ጠዋት ይበርዳል" አልኩ።

"ሹራብ ደርቢ።"